ሚስ፣ ሚስ፣ ሚስ፦ የ243 ዶላሩ ክር

ባለፈው ወር ፎረሙ ላይ የተከፈተውን ክር፣ ማለትም በአንድ ጽሑፍ ሥር የተቀጣጠለውን የመልስ ሰንሰለት፣ ያላያችሁ ካላችሁ ላሳጥርላችሁ። 46 መልስ ማንበብ ያታክታል። ማሳጠር ስል ግን የራሴን አስተያየት እየጨመርኩ ነው። 27ኛው መልስ የኔ ስለሆነ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ክሩን የከፈተው ልጅ ቢሮው ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው። ቢሮ ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ላፕቶፕና አንድ የሚጮህ ዩፒኤስ። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሒሳብና የፊዚክስ ማስጠኛ ቪዲዮ ይሸጣል። ቪዲዮዎቹ 120 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ተማሪዎቹ 600 ናቸው። ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው አንድ የውጭ ድርጅት ጋ ሲሆን የሚያሰራጨው ደግሞ በሌላ ድርጅት ሲዲኤን ነው። ሲዲኤን ለማታውቁ፦ የፋይሉን ቅጂ በየከተማው ባሉ ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጥና ለተመልካቹ ከሚቀርበው ቦታ ይሰጠዋል።

ወር አልቆ ሒሳብ መጣ። አሰራጩ 54 ዶላር ጠየቀ። ይህን ልጁ ጠብቆት ነበር። ማስቀመጫው ግን 243 ዶላር ይላል! ማስቀመጫው ወደ ውጭ ለሚወጣ ለያንዳንዱ ጊጋባይት 9 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ ሲዲኤን የተገዛው ደግሞ ይህንኑ መውጫ ለመቀነስ ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ሲመታው ድምሩ 44,550 ብር ሆነበት። ርዕሱን የጻፈው በንዴት ነው። ሲዲኤን የሚባለው ነገር ሌብነት መሆኑን አውጆ፣ የማይስማማ ካለ እንዲያስረዳው ጠየቀ።

መልስ 1 የመጣው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ክላውድፍሌር የሚባለው ሲዲኤን ነፃ ስለሆነ ወደዚያ ይዛወርና ይገላገል አለ። 2 እና 3 ያንኑ ደገሙ። ነፃ የሚል ቃል ሰምቶ ዝም የሚል የለም። 4ኛው ግን ወንድሜ እያለ በትሕትና አረማቸው። ነፃው ፓኬጅ በጊጋባይት አለማስከፈሉ እውነት ነው። ሆኖም በውላቸው መሠረት ትልቅ የድርጅት ውል የሌለው ደንበኛ ቪዲዮ ሲያሰራጭ ለዚያ የተዘጋጀውን፣ የሚከፈልበትን አገልግሎት መጠቀም አለበት። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ቢታገድ ለወላጆች ምን እንደሚላቸው አስቀድሞ እንዲያስብበት መከረው።

5ኛው ጭራሽ ሌላ ነገር ነው የገባው። ልጁ ካሹ እየሠራለት እንዳልሆነ መጻፉን አይቶ፣ በካሽ እምቢ ካሉት በባንክ እንዲያስተላልፍ መከረው። ከልቡ ይሁን ሙድ እየያዘ እስካሁን አለየልኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ክሩ ላይ ሁለት ካሽ ሆነ፤ አንዱ ኪስ የሚገባው፣ ሌላው ሰርቨር ላይ የሚቀመጠው ቅጂ።

6ኛዋ ጥሩ ምሳሌ አመጣች። ዋናው ሰርቨር አትክልት ተራ ነው፣ ሲዲኤኑ ደግሞ የሰፈር ጉልት። ለሁለት ኪሎ ቲማቲም ብሎ አትክልት ተራ ድረስ የሚሄድ የለም። ጉልቷ እናት በጅምላ አንድ ጊዜ ታመጣለች፣ ሰፈሩ ከእሷ ይገዛል። 7ኛው ወዲያው ተነሳባት። የተሸጠ ቲማቲም ያልቃል፣ ፋይል ግን ሺህ ጊዜ ቢሰጥ ያው አለ። ስለዚህ ምሳሌው አይሠራም አለ። መበስበስን ግን ረሳው፤ ፋይልም ቀኑ ሲያልፍ ይጣልና አዲስ ይመጣል። 8ኛው በበኩሉ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ በ2012 ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት መሄዱን አስታወሰ። ከዚያ 9ኛው ስለ ድሮዋ ፒያሳ መተከዝ ጀመረ፤ ስለ ኬክ ቤቱ፣ ስለ ወርቅ ቤቶቹ። እኔም ትንሽ ተከዝኩ።

ደግነቱ 10ኛው ነገሩን ወደ መስመር መለሰው። የአትክልት ተራው መነሳት ራሱ ትምህርት ነው ባይ ነው። ጅምላው ሲርቅ የጉልቷ ደንበኛ የሚሄድበት መንገድ አልተለወጠም፤ የጫኝና የመኪናው ሒሳብ ነው የጨመረው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጉልቷ በቀን ስንት ጊዜ ወደ ጅምላው እንደምትመላለስ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

11ኛውን መልስ የጻፉትን ሰው ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ኔትወርክ ሥራ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። ጽሑፋቸው አንቀጽ የለውም፣ ነጥብም ብዙ የለውም፣ ግን የንግዱ ሆድ ዕቃ ያለው እዚያ ነው። እኛ የምንገዛው በጊጋባይት ነው። ሲዲኤኖቹ ግን መስመር የሚገዙት በፍጥነት ነው፣ በሜጋቢት በሰከንድ (8 ቢት 1 ባይት ነው)። የመስመሩ ባለቤት በየ5 ደቂቃው ይለካል፤ በ30 ቀን 8,640 ልኬት ይሆናል። ከላይ ያሉትን 5 በመቶ፣ ማለትም 432ቱን፣ ጥሎ ቀጥሎ ባለው ያስከፍላል። የተጣለው ሲደመር 36 ሰዓት ነው። በወር 36 ሰዓት ጎርፍ ቢመጣ ሒሳቡ ንቅንቅ አይልም። ሌላም አለ። መስመር መግቢያና መውጫ አለው፤ የሚከፈለው ከሁለቱ ለበዛው ነው። ሲዲኤን የሚያስገባው ጥቂት፣ የሚያወጣው ብዙ ነው። ሳይት ለመጣል የሚላክ ጥቃት ደግሞ የሚመጣው በመግቢያው፣ ባዶ በነበረው በኩል ነው። ጥቃት መከላከልን በነፃ የሚሰጡት ለጽድቅ ብቻ እንዳልሆነ ጋሼ ፈገግ እያሉ ጠቁመዋል።

ቀጥለው አንድ ስሌት አስቀመጡ፤ እኔ ካልኩሌተር አውጥቼ ደገምኩት። 1 ሜጋቢት በሰከንድ 30 ቀን ሳይቋረጥ ቢፈስ 324 ጊጋባይት ነው። በ9 ሳንቲም ሲባዛ 29 ዶላር ከ16። ያንኑ 1 ሜጋቢት በትልልቆቹ የአውሮፓ ከተሞች በጅምላ የሚገዛ ሰው ከ1 ዶላር በታች ያገኘዋል። ልጁ ሌብነት ያለው ነገር ካለ አሰራጩ ላይ ሳይሆን ማስቀመጫው በር ላይ እንዲፈልገው ነው ጋሼ የመከሩት።

13ኛው እዚህ ላይ ቱግ አለ። ሒሳቡ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ ሌሊት ተማሪ ተኝቶ መስመሩ ባዶ ያድራል፤ ማሽኑን፣ መብራቱን፣ መሐንዲሱን ማን ይከፍላል? አፍሪካ ውስጥ መስመር ከአውሮፓ እጅግ እንደሚወደድ፣ ሲዲኤኖች ዋጋቸውን በየአህጉሩ የሚለያዩትም ለዚህ እንደሆነ ጨመረ። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ጋሼን ሼባው ብሎ መጥራቱ ግን ልክ አልነበረም። ጋሼ ራሳቸው 14 ላይ የሌሊቱን ነገር ተቀብለው፣ ስድቡን እንዳላዩ አልፈው፣ ወደ ታሪክ ገቡ። አካማይ የሚባለው ሲዲኤን በ1998 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከነበሩ የሒሳብ ሰዎች እንደወጣ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ዳንኤል ሌዊን መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ከሕንፃው ጋር በተላተመው የመጀመሪያው አውሮፕላን ውስጥ እንደሞተ ጻፉ። ያን ዕለት የዜና ሳይቶች በሰው ሲጥለቀለቁ ሸክሙን ይሸከም የነበረው ያው የሠራው ሲስተም ነው። ለጥቂት ሰዓታት ማንም አልጻፈም።

ከ15 እስከ 17 የዶላር ጭቅጭቅ ነው፤ በካርድ፣ በዘመድ፣ በጥቁር ገበያ። አለፍኩት።

18ኛው ግን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። ልጁ ብራውዘሩን ከፍቶ፣ አንድ ቪዲዮ አጫውቶ፣ ከሰርቨሩ የሚመጣው መልስ አናት ላይ ካሽ የሚለውን መስመር እንዲያነብ ጠየቀው። ሂት ካለ ፋይሉ ከቅርቡ ሰርቨር ነው የመጣው። ሚስ ካለ ቅርቡ ጋ የለም፣ ከዋናው ነው የተቀዳው።

ልጁ ያን ቀን መብራት ጠፍቶበት ብሔራዊ ፊት ለፊት ካለ ካፌ ነበር የጻፈው። ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ ስልኩ ሆትስፖት ላይ ነው። ቪዲዮው በ6 በ6 ሰከንድ ቁርጥራጭ ስለሚመጣ ለያንዳንዱ ቁራጭ አንድ መስመር ይወርዳል። ሚስ። ሚስ። ሚስ። ወደ ታች ቢጠቀልል፣ ሌላ ቪዲዮ ቢከፍት፣ ሦስተኛም ቢጨምር፣ ሚስ። የስክሪኑን ፎቶ ለጠፈው። 20ኛው የማስጠኛ ሳይት ሆኖ ሚስ መብዛቱ ምን ይገርማል፣ ቲቸርም ይጨመርበት ብሎ ቀለደ። ክሩ ላይ ብዙ ሳቅ የተሰጠው መልስ እሱ ነው።

21ኛዋ ፎቶውን አጉልታ አየችና በሽታውን አገኘችው። ልጁ ቪዲዮው እንዳይሰረቅ ለያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ሊንክ ይሰጣል፤ አድራሻው መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ ረጅም ምስጢራዊ ቁጥር። ሲዲኤኑ ደግሞ የሚያውቀው ሙሉውን አድራሻ ነው። ቁጥሩ ከተለየ ለእሱ ሌላ ፋይል ነው። ስለዚህ አንድ የፊዚክስ ትምህርት 600 የተለያየ ፋይል ሆነ፤ ጉልቷ እናት ለያንዳንዱ ደንበኛ አንድ አንድ ጊዜ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተመላለሰች ማለት ነው። ቁጥሩም ይገጥማል። 600 ተማሪ በወር 10 ሰዓት ቢያይ 6,000 ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በሰከንድ በ1 ሜጋቢት 450 ሜጋባይት ይፈጃል። ድምሩ 2,700 ጊጋባይት ሲሆን፣ በ9 ሳንቲም ልክ 243 ዶላር። 120ዎቹ ቪዲዮዎች አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀዱ ኖሮ 54 ጊጋባይት፣ ማለትም 5 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር።

መፍትሔውን የጻፈው 23ኛው ነው፦ ሲዲኤኑ ፋይሉን ሲፈልግ ያን ቁጥር እንዳይቆጥር ማዘዝ። 24ኛዋ ፈጥና አስጠነቀቀች። ቁጥሩ እንዳይቆጠር ሲደረግ ማጣራቱም አብሮ ከቀረ በማግስቱ 120ዎቹም ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ናቸው። ማጣራቱ እዚያው ቅርብ ሰርቨር ላይ መሠራት አለበት፤ መጀመሪያ ሰውየው ተፈቅዶለት እንደሆነ ይታያል፣ ከዚያ የጋራው ቅጂ ይሰጠዋል። እኔ ብሆን 24ን ረስቼ በ23 ብቻ ተቻኩዬ አበላሸው ነበር።

25 እና 26 ሁሉንም ትቶ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቨር መከራየት ይሻላል አሉ። አይሲቲ ፓርክ ዳታ ሴንተር አለ፣ ክፍያው በብር ነው፣ ተማሪውም እዚሁ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። 27 ላይ እኔ የገባሁት እሱን ለመደገፍ ነበር። እኛ ባሕር የሌለን ነን፤ መስመራችን በጅቡቲ ወይም በኬንያ ዞሮ ነው ባሕር የሚነካው። ከዚህ ፍራንክፈርት አየር በአየር እንኳ ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በተግባር ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ይበልጣል። አንድ ገጽ ደግሞ የመጀመሪያዋን ፊደል ከማሳየቱ በፊት ሦስት ዙር ይመላለሳል፤ ለሰላምታ፣ ለቁልፍ፣ ለጥያቄው። ናይሮቢ ግን 1,200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትላልቆቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው ጉግልና ኔትፍሊክስ በየአገሩ ቴሌኮም ቤት የራሳቸውን ማሽን በነፃ የሚያስቀምጡት። ቴሌኮሙ የውጭ መስመር ወጪ ይቀንሳል፣ እነሱ ይፈጥናሉ። ባለ 600 ተማሪው ግን ማሽን ተሸክሞ ማንን ያንኳኳል? እንዲህ አድርጌ ጻፍኩና ራሴን አደነቅሁ።

28ኛው ግን አፈረጠኝ። ቪዲዮ ከጀመረ በኋላ 53 ሚሊ ሰከንድ ማንም ልብ እንደማይለው፣ ማጫወቻው ቀድሞ ጥቂት ቁራጭ ስለሚያከማች ርቀቱ እንደሚጠፋ፣ ፊዚክስ ለማሳየት ሳይሆን ለመታየት እንደጻፍኩ አስነበበኝ። የመጨረሻዋ ባትባልም ይሻል ነበር። በቀረው ግን ልክ ነው።

29 ላይ አንዲት ተማሪ ገባች። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምታጠናው፣ የልጁም ደንበኛ ናት። እስካሁን 28 ሰው የሻጩን ሒሳብ እንደደመረ፣ የእሷን ግን ማንም እንዳልጠየቀ በሥነ ሥርዓት ጻፈች። ፋይሉ ከናይሮቢ ይምጣ ከፍራንክፈርት ከእሷ ፓኬጅ ላይ የሚቆረጠው ያው 450 ሜጋባይት ነው። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የምታየው፤ እናቷ ስልክ ላይ ታድራለች ብላ ትቆጣለች። የሚታየው ደግሞ ነጭ ሰሌዳና የአስተማሪው እጅ ነው። ያን ለማየት 1 ሜጋቢት ለምን ያስፈልጋል?

ለሻጩም ለገዢውም የሚጠቅም ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። 30ኛው ወዲያው ሞከረው፦ ሰሌዳ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ በ400 ኪሎቢት ጽሑፉ ይነበባል። ያ ማለት በሰዓት 180 ሜጋባይት ነው፤ ለተማሪዋ ከግማሽ በታች፣ ለሻጩም እንደዚያው።

ከዚያ ክሩ ተበተነ። 31ኛው በክላውድፍሌር የሚያልፍ ሳይት ከየትኛው ከተማ እየመጣላችሁ እንደሆነ የምታዩበትን ገጽ አሳየ፤ ኮሎ የሚል መስመር አለው፣ ከጎኑ የከተማው የኤርፖርት ምልክት ይጻፋል። ሰው ሁሉ ኮሎውን ይለጥፍ ጀመር። አንዱ በቢሮ ዋይፋይ ናይሮቢ፣ በስልኩ ዳታ ፍራንክፈርት ወጣለት፤ የተቀመጠው ግን እዚያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወዲያው አንድ ሰው ቆሎው ገብስ ይሁን ሽምብራ ጠየቀ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ስታዲየም ቆሎ ሻጮች ሄደ። 34ኛው የኢትዮጵያ ሲዲኤን ማቋቋም የወርቅ ማዕድን መሆኑን ሲሰብክ፣ 35ኛው ኤጂዮ የሚባለው ትልቅ ሲዲኤን በ2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) መስከረም ኪሳራ አውጆ በቀጣዩ ዓመት ጥር ኔትወርኩን መዝጋቱን ነገረው። በጊጋባይት ዋጋ እየተፎካከሩ መውረድ ታችኛው ወለል የለውም። 36ኛው ሁሉን በአንድ ቅርጫት ማድረግን ፈራ፤ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በኛ ምሳ ሰዓት አንድ ደንበኛ በተፈቀደለት መንገድ ቅንብሩን ሲቀይር ፋስትሊ የሚባለው ሲዲኤን ውስጥ ተኝቶ የነበረ ስህተት ነቅቶ፣ ሲዲኤኑ ጋርዲያንን፣ ሬዲትን፣ የእንግሊዝን መንግሥት ሳይት ሳይቀር ይዞ ወደቀ። ብዙው በ49 ደቂቃ ተመለሰ። 37ኛው በ2009 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ራሱ ሲዘጋ የትኛው ሲዲኤን እንዳዳነን ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

41 ላይ ልጁ ተመለሰ። ወር ሆኖታል። አሰራጩ 26 ዶላር፣ ማስቀመጫው 14። በ150 ስንመታው 6,000 ብር። 14ቱ ለምን ዜሮ እንዳልሆነ 42 ጠየቀ፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቅጂ ስለሚቀዳና ብዙ ያልታየ ቪዲዮ ከካሽ ተገፍቶ ስለሚወጣ መሆኑን ጋሼ አስረዱ። ርዕሱ ላይ ሌብነት የሚለውን ቃል ልጁ አልሰረዘውም፣ የጥያቄ ምልክት ብቻ ጨመረበት። ለተማሪዋ የቀረውን ዓመት በነፃ ሰጣት። እሷም 44 ላይ አመስግና የኤሌክትሮማግኔቲዝም ሁለተኛው ክፍል ድምፁ እንደሚቆራረጥ ነገረችው።

46ኛው የልጁ ነው። 40 ዶላሩን የሚከፍልለት አሜሪካ ያለው የአክስቱ ልጅ ነበር፤ ካርዱ ጊዜው አልፎበታል፣ ስልክም አያነሳም። ሦስት ሰዎች ወዲያው በውስጥ መስመር እንዲያናግራቸው ጻፉለት፤ አወያዩ ሦስቱንም አጥፍቶ ክሩን ቆለፈው።